በግል ደን ውስጥ የተሽከርካሪና የእግር መንገድ ቅየሳና ግንባታ

አንድ ባለደን በይዞታው ላይ ከሚያከናውናቸው ሥራዎች ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያለው አሻራ የሚተወው መንገድ ነው። የተቆረጠ ዛፍ በጊዜ ሂደት በሌላ ይተካል፤ ያለ ቦታው የተቆፈረ መንገድ ግን ጎርፍ እየሰበሰበ፣ አፈር እያጠበና ደለል ወደ ወንዝ እያወረደ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፤ ባለቤቱ ትቶት ቢሄድ እንኳ ጉዳቱ በራሱ አይቆምም። ከደን አካባቢ ታጥቦ ለሚወርደው ደለል ትልቁ ምንጭ የዛፍ ቆረጣው ራሱ ሳይሆን እንጨቱን ለማውጣት የተሠሩት መንገዶች መሆናቸውን የደን ባለሙያዎች በሚገባ ያውቁታል። በዚህ ምክንያት ከዚህ በታች ስለ መንገድ የሚነገረው ነገር በአብዛኛው ስለ ውሃ ነው፤ ውሃው በየት እንደሚመጣ፣ የት እንደሚሻገርና የት እንደሚለቀቅ አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ በኋላ የሚፈሰው ጠጠርም ሆነ የሚከፈለው ገንዘብ መንገዱን አያድነውም።

1. ምን ያህል መንገድ እንደሚያስፈልግ መወሰን

የመጀመሪያው ጥያቄ መንገዱ የት ይለፍ የሚለው ሳይሆን ለምን ይሠራ የሚለው ነው። ከባድ የጭነት መኪና ዓመቱን ሙሉ የሚመላለስበት መንገድ፣ በደረቅ ወራት ብቻ የሚያገለግል ጥርጊያ መንገድ፣ ግንድ ተጎትቶ የሚወጣበት ጊዜያዊ መስመርና ለሽርሽር የሚሆን የእግር መንገድ በስፋትም በተዳፋትም በወጪም የተለያዩ ናቸው። ሁሉንም በአንድ ደረጃ ለመሥራት መሞከር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ጊዜያዊ መሆን የነበረበትን መስመር እንደ ዋና መንገድ መጠቀም ደግሞ የባሰ ነው።

መንገድ መሬትም ይበላል። ከጎንና ከጎን ያለው ምንጣሮ ተደምሮ 10 ሜትር ስፋት የሚወስድ መንገድ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር አንድ ሙሉ ሄክታር ከደኑ ላይ ይቀንሳል። ስለዚህ አሁን የሚሠራው 300 ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ የይዞታው አጠቃላይ የመንገድ ንድፍ በወረቀት ላይ አስቀድሞ ሊሰፍር ይገባል። ለአንድ ጊዜ ሥራ ተብሎ በጥድፊያ የተከፈተ መንገድ ወደ ቀሪው ደን የማያደርስ ሆኖ ሲገኝ ሁለተኛ መንገድ መቆፈር ግድ ይሆናል።

በዚሁ ደረጃ የወሰን መስመሩንና በጎረቤት ይዞታ ላይ የማለፍ መብትን በጽሑፍ ማረጋገጥ፣ እንዲሁም ወንዝ ለመሻገርም ሆነ መንገዱን ከሕዝብ መንገድ ጋር ለማገናኘት ፈቃድ የሚያስፈልግ መሆኑን የሚመለከተውን አካል መጠየቅ ያስፈልጋል። ጉዳዩ አሰልቺ ቢሆንም ከቁፋሮ በኋላ ሲነሳ ግን እጅግ ውድ ነው።

2. በካርታ ላይ መሥራትና መሬቱን በእግር ማየት

የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ በመስመር የሚያሳይ የቶፖግራፊ ካርታና የአየር ወይም የሳተላይት ፎቶ ይያዙ። በካርታው ላይ በመጀመሪያ የሚመለከቱት መንገዱን ሳይሆን መንገዱ ሊያልፍባቸው የሚገቡና ፈጽሞ ሊያልፍባቸው የማይገቡ ቦታዎችን ነው። ከመጀመሪያዎቹ መካከል የይዞታው መግቢያ፣ ሸንተረሩን ለመሻገር የሚመች ዝቅተኛ ቦታ፣ ለእንጨት ማከማቻ የሚሆን ደልዳላ መሬትና ዳርቻዎቹ ጠንካራ የሆኑ ጠባብ የወንዝ መሻገሪያ ይገኛሉ። ከሁለተኛዎቹ ደግሞ ረግረግ፣ ምንጭ፣ ገደል፣ የመቃብርና የታሪክ ቦታ እንዲሁም የመሬት መንሸራተት ምልክት ያለበት ተዳፋት ይጠቀሳሉ።

መንሸራተትን ለማወቅ ዛፎቹን መመልከት ይጠቅማል። ግንዳቸው ከሥራቸው ጎብጦ ወደ ላይ የተቃና ዛፎች በብዛት በአንድ ቦታ ከታዩ፣ መሬቱ ላይ የግማሽ ክብ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ ካለ፣ ወይም ከተዳፋቱ ወገብ ላይ ውሃ የሚያንጠባጥብ ለምለም ቦታ ከተገኘ አፈሩ ቀስ በቀስ እየተንቀሳቀሰ ሊሆን ስለሚችል ያንን ቦታ መቁረጥ የለብዎትም። ይህንን ሁሉ በበጋ ብቻ ማየት አይበቃም፤ ደረቅ የሚመስለው ሜዳ በዝናብ ወራት ጉልበት ድረስ የሚያሰምጥ ሊሆን ይችላልና ቢያንስ አንድ ጊዜ በእርጥብ ወቅት መሬቱን በእግር ማሰስ ያስፈልጋል።

ከዚያ የመንገዱ ተዳፋት ይሰላል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የከፍታው ልዩነት ለአግድም ርቀቱ ተካፍሎ በ100 ይባዛል። ለምሳሌ መግቢያውና ሸንተረሩ በ36 ሜትር ከፍታ የሚለያዩ ከሆነና በመካከላቸው ያለው ርቀት 300 ሜትር ብቻ ከሆነ ቀጥታ የሚሄደው መንገድ 12 በመቶ ተዳፋት ይኖረዋል። መንገዱ 8 በመቶ እንዲሆን ከተፈለገ ግን 450 ሜትር ያህል ርዝመት ስለሚያስፈልግ መስመሩ ተዳፋቱን አግድም እየታከከ መዞር አለበት ማለት ነው። ለጭነት መኪና ከ2 እስከ 10 በመቶ ያለው ተዳፋት የሚመረጥ ሲሆን ከዚያ በላይ መሄድ የሚቻለው ለአጭር ርቀትና በጠንካራ አፈር ላይ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ሙሉ በሙሉ ሜዳ የሆነ መንገድ የተሻለ ይመስለዋል፤ ሆኖም ከ2 በመቶ በታች በሆነ መንገድ ላይ ውሃ መሄጃ አጥቶ ስለሚተኛ መንገዱ ወደ ጭቃ ይለወጣል።

ከወንዝና ከጅረት ያለው ርቀትም እዚሁ ይወሰናል። በደልዳላ መሬት ቢያንስ 15 ሜትር፣ በቁልቁለታማ ቦታ ደግሞ 30 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ያልተነካ እፅዋት በመንገዱና በውሃው መካከል ሊቀር ይገባል፤ ከመንገዱ የሚወጣው ደለል የሚጣራው በዚህ ሳርና ቅጠል ውስጥ ነው። የአካባቢው ሕግ ከዚህ የሰፋ ርቀት ካዘዘ ተፈጻሚ የሚሆነው እሱ ነው።

3. መስመሩን በሪባን ምልክት ማድረግ

በወረቀት ላይ የተሰመረው መስመር መሬት ላይ የሚወርደው በክሊኖሜትር (በዐይን እየታየ ተዳፋትን በሚለካ የእጅ መሣሪያ) እና በደማቅ ሪባን ነው። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። በመጀመሪያ ሁለቱም ደልዳላ ቦታ ላይ ትይዩ ይቆሙና መሣሪያውን የያዘው ሰው ዜሮ ሲያነብ የዐይኑ ከፍታ በባልደረባው አካል ላይ የት ጋ እንደሚያርፍ ይለያል፤ አገጩ ወይም የኮፍያው ጠርዝ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚታለመው ያ ነጥብ ነው። ባልደረባው 20 ሜትር ያህል ወደፊት ይሄዳል፤ መሣሪያውን የያዘው በአንድ ዐይኑ ቁጥሩን፣ በሌላው ነጥቡን እያየ ባልደረባው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እንዲንቀሳቀስ ያዘዋል። የተፈለገው 7 በመቶ ሲነበብ ባልደረባው በቆመበት ላይ በዐይን ከፍታ ሪባን ይታሰራል፤ አንባቢውም ወደዚያ ሄዶ ቀጣዩን ነጥብ ያነባል።

በዚህ ሥራ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ አብዛኛው ክሊኖሜትር የዲግሪና የመቶኛ ሁለት መስፈሪያ ስላለው እንዳይምታታ፤ 10 ዲግሪ ማለት ወደ 18 በመቶ የሚጠጋ ተዳፋት ነው። ሁለተኛ፣ ሪባኑ የተሰቀለው ከሚፈቀደው ከፍተኛ ተዳፋት አንድ ወይም ሁለት በመቶ ባነሰ ልኬት መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ማሽኑ ትንንሾቹን መታጠፊያዎች እያቃና ሲሄድ የተሠራው መንገድ ከሪባኑ መስመር ስለሚያጥር የዚያኑ ያህል ዳገቱ ይበረታል።

ክሊኖሜትር ከሌለ ኤ-ፍሬም ይሠራል። የሁለቱ እግሮች ርቀት 2 ሜትር የሆነ የ«A» ፊደል ቅርጽ ከእንጨት ተሠርቶ መሐሉ ላይ ክብደት በገመድ ይንጠለጠላል፤ ደልዳላ ቦታ ላይ ገመዱ የሚያርፍበት ነጥብም ምልክት ይደረግበታል። ከቁልቁለቱ በኩል ባለው እግር ሥር 14 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እንጨት ከተሰካ በኋላ ገመዱ ምልክቱ ላይ ሲያርፍ በሁለቱ እግሮች መካከል ያለው ተዳፋት 7 በመቶ ነው። ሥራው ዘገምተኛ ቢሆንም ለእግር መንገድ ከበቂ በላይ ትክክለኛ ነው።

መስመሩ ተሰቅሎ ሲያልቅ ከላይ ወደ ታችም ከታች ወደ ላይም ይሂዱበት፤ ከዚያም ሪባኑን ሁሉ አውርደው እንደገና የመስቀል ድፍረት ይኑርዎት። የሪባን ዋጋ ከዶዘር የአንድ ሰዓት ኪራይ ጋር አይወዳደርም። ቢያንስ 15 ሜትር የመጠምዘዣ ሬዲየስ ማግኘት የሚቻልበት ሰፊና ደልዳላ ቦታ ላይ ካልሆነ በቀር ስለታም መታጠፊያ አያስቀምጡ፤ ተሳቢ የሚያስገቡ ከሆነም ሬዲየሱን ያስፉ።

4. የመንገዱን ወርድና ቅርጽ መምረጥ

ለአንድ መኪና ከ3.5 እስከ 4 ሜትር የሚነዳበት ወርድ ይበቃል፤ መታጠፊያዎች ላይ ይሰፋል፤ እይታ በሚፈቅድበት ቦታም መተላለፊያ ይተዋል።

ገጹ ከሦስት ቅርጾች አንዱን ይይዛል። ወደ ውጭ፣ ማለትም ወደ ቁልቁለቱ ከ3 እስከ 5 በመቶ ያዘነበለ ገጽ ውሃውን ሳይሰበስብ በመንገዱ ርዝመት ሁሉ ስለሚበትነው ቦይም ቱቦም አይፈልግም፤ ለአብዛኛው የግል ደን መንገድም የሚመከረው ይኸው ነው። ሆኖም አፈሩ የሚያንሸራትት ሸክላ ከሆነ ወይም ተዳፋቱ ገደላማ ከሆነ መኪና ወደ ገደሉ ሊንሸራተት ስለሚችል ገጹ ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል ተደርጎ ውሃው በውስጠኛው ቦይ ይሄድና በየርቀቱ በቱቦ ይሻገራል። ሦስተኛው እንደ ቤት ጣሪያ መሐሉ ከፍ ያለ ገጽ ሲሆን የሚስማማው በሁለቱም ጎን ቦይ ሊኖረው ለሚችል ደልዳላ መሬት ነው።

የጎን ተዳፋት፣ ማለትም መንገዱ የሚቆርጠው ኮረብታ ራሱ ያለው ቁልቁለት፣ ሲበረታ የቁፋሮው መጠን እንዴት እንደሚያሻቅብ ብዙ ባለደኖች አይገምቱም። 3.5 ሜትር ወርድ ያለው መንገድ ሙሉ በሙሉ በተቆፈረ መሬት ላይ እንዲያርፍ ቢደረግና የተቆረጠው ግድግዳ በእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ አንድ ሜትር ወደ ኋላ እንዲያዘነብል ቢተው፣ 30 በመቶ የጎን ተዳፋት ባለው መሬት ላይ የግድግዳው ከፍታ 1.5 ሜትር ይሆናል። የጎን ተዳፋቱ 60 በመቶ ሲሆን ግን ከፍታው ከ5 ሜትር ያልፋል። ተዳፋቱ እጥፍ ሲሆን ግድግዳው ከሦስት እጥፍ በላይ ከፍ አለ ማለት ነው፤ የሚቆፈረው አፈርም በዚያው ልክ ይበዛል። በመካከለኛ ተዳፋት ላይ ከላይ የተቆረጠውን አፈር ከታች በመሙላት ወርዱን ማግኘት ይቻላል፤ 60 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ ተዳፋት ላይ ግን ሙሌት ስለማይረጋ ሁሉንም መቁረጥና አፈሩን በመኪና ጭኖ ማንሳት ግድ ይሆናል። ሌላ መስመር መፈለግ ከዚህ ሁሉ የሚሻል መሆኑ ግልጽ ነው።

5. ምንጣሮ፣ ቁፋሮና ሙሌት

ቁፋሮው የሚጀመረው በደረቅ ወቅት ሲሆን ዝናብ ሳይመጣ ሣር መዝራት የሚያስችል ጊዜ መቅረት አለበት። የአፈሩን እርጥበት ለመመዘን ትንሽ ጭብጥ አፈር በመዳፍ ላይ አድቦልቡለው ወደ ክር ይለውጡት፤ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪቀጥን ሳይበጣጠስ የሚደቦለቦል ከሆነ ለመጠቅጠቅ የማይመች እርጥብ ነውና ማሽኑ ይቁም።

ዛፎቹ ተቆርጠው ጉቶዎቹ ከነሥራቸው ይነቀላሉ፤ ለም የሆነው የላይኛው አፈርም ለብቻ ይከመራል። ጉቶ፣ ግንድና ቅርንጫፍ በሙሌቱ ውስጥ መቀበር የለበትም። በዚህ ነጥብ ላይ ማሽን ነጂዎችን በዐይን መከታተል ይጠቅማል፤ ጉቶን ከመጫን ይልቅ ቀብሮ አፈር ማልበስ ስለሚቀል ፈተናው ትልቅ ነው። የተቀበረው እንጨት ከዓመታት በኋላ ሲበሰብስ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ የመንገዱ ውጫዊ ጠርዝም ይሰነጠቅና ይናዳል። ቅርንጫፉ ይልቁንስ ከሙሌቱ በታች ተዳፋቱን ተከትሎ አግድም ከተደረደረ የሚታጠበውን አፈር ያጠልላል።

ሙሌቱ ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባላቸው ንብርብሮች እየተጠቀጠቀ ይሠራል፤ የጎኑ ተዳፋትም በእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ወደ ውጭ ይለቀቃል። ቀደም ሲል የተከመረው ለም አፈር ተመልሶ በተቆረጠውና በተሞላው ጎን ላይ ይለበሳል፤ ሣርም ወዲያውኑ ይዘራበታል።

ለኤክስካቫተር ሥራ ነጂ ሲመርጡ ከዋጋው በፊት ቀደም ሲል የሠራውን የደን መንገድ ከዝናብ በኋላ ሄደው ይዩ። በውሉ ላይም የሰዓት ወይም የሜትር ዋጋ ብቻ ሳይሆን የቱቦዎቹ ቦታና ቁጥር፣ በክፍል 6 የሚገለጹት ውሃ ማስወጫ ዝቅታዎች ርቀትና የጉቶው አወጋገድ በዝርዝር ሊጻፍ ይገባል።

6. ውሃውን ከመንገዱ ማውጣት

ከ10 በመቶ ያልበለጠ ተዳፋት ባለው ቋሚ መንገድ ላይ ሰፊ ዝቅታ ከሁሉም የተሻለ መፍትሔ ነው። መንገዱ እየወረደ ሳለ ለ6 ሜትር ያህል ወደ ኋላ፣ ማለትም 3 በመቶ ወደ ላይ እንዲወጣ ይደረግና ከዚያ ቁልቁለቱን ይቀጥላል፤ የዝቅታው ወለልም ወደ ውጭ ያዘነብላል። ውሃው ያንን ትንሽ ዳገት መውጣት ስለማይችል ከመንገዱ ይወጣል፤ መኪናው ግን በዝግታ ያልፈዋል። እንደ ቱቦ አይደፈንም፤ እንደ ጉብታም በጎማ አይናድም። መውጫው ላይ ድንጋይ ይነጠፋል።

ለጊዜያዊ መስመርና ለተዘጋ መንገድ የውሃ መቀልበሻ ጉብታ ይሠራል። ጉብታው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ኖሮት መንገዱን በ90 ዲግሪ አቋርጦ ሳይሆን ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ወደ ቁልቁለቱ ዘንበል ብሎ ይቆረጣል። የላይኛው ጫፉ ከተቆረጠው ግድግዳ ጋር ካልተገናኘ ውሃው ዞሮት ያልፋል፤ የታችኛው ጫፉ ክፍት ካልሆነ ደግሞ ኩሬ ይሆናል። በ5 በመቶ ተዳፋት ላይ በየ40 ሜትሩ፣ በ10 በመቶ ላይ በየ24 ሜትሩ፣ በ15 በመቶ ላይ በየ18 ሜትሩ፣ በ20 በመቶ ላይ በየ14 ሜትሩ ገደማ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ በቀላሉ በሚታጠብ አፈር ላይ ርቀቱ ይቀነሳል።

የቦይ ውሃ የሚያሻግር ቱቦ ከ45 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ዲያሜትር ይኑረው። ውሃው ራሱ በጠባብ ቱቦ ሊያልፍ ቢችልም ቅጠልና ጭራሮ ግን ይደፍኑታል። ቱቦው ወደ ቁልቁለቱ 30 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሎ፣ ቢያንስ 2 በመቶ ተዳፋት ኖሮት ይቀበራል፤ በላዩም ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ወይም የዲያሜትሩን ግማሽ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ያህል አፈር ይጠቀጠቅበታል። መውጫው ከሙሌቱ ጎን በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ የሚወርደው ውሃ ሙሌቱን ከሥሩ ስለሚበላው እስከ ተፈጥሯዊው መሬት ይርዘም፤ ድንጋይም ይነጠፍለት።

7. ጅረት መሻገር

መሻገሪያ በበዛ ቁጥር ጣጣው ይበዛል፤ ስለዚህ አንድም ጊዜ ሳይሻገሩ መድረስ ከተቻለ መንገዱን ማርዘም ያዋጣል። መሻገር ግድ ሲሆን መንገዱ ጅረቱን በ90 ዲግሪ ማዕዘን ይቁረጥ፤ ከመሻገሪያው በፊት በሁለቱም በኩል የመንገዱ ውሃ ወደ ጫካው ይለቀቅ እንጂ ወደ ጅረቱ አይውረድ።

የሚተከለው ቱቦ ስፋት የሚለካው በበጋ ከሚታየው ቀጭን ፈሳሽ ሳይሆን ጎርፉ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ከሚሄድበት ወርድ ነው። ይህንን ወርድ ሣሩ ከሚጀምርበት መስመርና ሥሮች ላይ ከተንጠለጠለው ጭራሮ ማወቅ ይቻላል። ቱቦው ከጅረቱ ወለል በታች ገባ ብሎ ከተቀበረ ዓሣና ሌሎች ፍጥረታት ማለፍ ይችላሉ። ወለሉ ድንጋያማ በሆነ ጥልቀት የሌለው ጅረት ላይና ትራፊኩ አልፎ አልፎ ብቻ በሆነበት ቦታ በድንጋይ የተጠናከረ መልካ ይበቃል። ለጊዜያዊ ሥራ ደግሞ ተነስቶ ሌላ ቦታ የሚተከል ድልድይ ከሁሉም ያነሰ ጉዳት ያደርሳል። መኪና የሚሸከም ቋሚ ድልድይ ግን ለመሐንዲስ የሚተው ሥራ ነው።

8. ገጹን ማልበስ

ጠጠር የሚለበሰው ውሃው ከተስተካከለ በኋላ ነው። ክብ የወንዝ ጠጠር እርስ በርሱ ስለማይያያዝ ከጎማ ሥር ይንከባለላል፤ ማዕዘን ያለው የተፈጨ ድንጋይ ወይም ደቃቁና ሻካራው የተመጣጠነ ገረጋንቲ ግን ሲጠቀጠቅ ይጠብቃል። በጥሩ መሬት ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። ለስላሳ ቦታ ላይ ጠጠር በጠጠር ላይ ከመድፋት በፊት ጂኦቴክስታይል ጨርቅ ማንጠፍ ይገባል፤ ጨርቁ ጭቃው ወደ ላይ፣ ጠጠሩም ወደ ታች እንዳይሄድ ይለያቸዋል። መንገዱን ሁሉ ማልበስ አቅም ካልፈቀደ ቅድሚያ ለመሻገሪያዎች፣ ለዝቅታዎች፣ ለዳገቶችና ለመግቢያው ይሰጥ።

9. የእግር መንገድ

የእግር መንገድ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በእጅ የሚጠገን በመሆኑ ስህተቱ የሚከፈለው በጉልበት ነው። ዋናው ደንብ የመንገዱ ተዳፋት ከጎን ተዳፋቱ ግማሽ እንዳይበልጥ ነው። ጎኑ 16 በመቶ ከሆነ መንገዱ ከ8 በመቶ አይበልጥም፤ ከበለጠ ውሃው መንገዱን ከማቋረጥ ይልቅ መንገዱን ራሱን ተከትሎ ይወርዳል። በጥቅሉ አማካዩ ተዳፋት በ10 በመቶ ገደማ ቢወሰን ለሂያጁም ለአፈሩም ይስማማል። አቋራጭ ተብሎ ቁልቁለቱን ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር በጥቂት ክረምት ቦይ ይሆናል፤ ፍጹም ሜዳ ላይ የሚሄድም እንዲሁ ውሃ ያቁራል። ስለዚህ የእግር መንገድ ተዳፋቱን አግድም እየታከከ፣ አልፎ አልፎ ለጥቂት እርምጃ አቅጣጫውን ከቁልቁለት ወደ ዳገት እየለወጠ ቢሄድ ውሃው በየመለወጫው ይለቀቃል።

ለእግረኛ ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ወርድ ይበቃል፤ ገጹ ወደ ውጭ 5 በመቶ ያህል ያዘነብላል፤ ከላይ ያለው ቅርንጫፍም እስከ 2.4 ሜትር ከፍታ ይመነጠራል። የእግር ኮቴ መሐሉን እየጠቀጠቀ ሲሄድ በውጫዊው ጠርዝ ላይ ትንሽ የአፈር ግድብ ይፈጠራል፤ ይህ ግድብ በየዓመቱ በአካፋ ተቆርጦ ካልወጣ ውሃው መውጫ ያጣል። መስመሩ ወደ ምንጭ፣ ወደ ትልቅ ዛፍ ወይም ወደ እይታ ቦታ የማያደርስ ከሆነ ሰዎች በራሳቸው አቋራጭ መፍጠራቸው አይቀርምና የሚስቡ ቦታዎችን ከመነሻው በመስመሩ ውስጥ ማካተት ይሻላል።

10. ጥገናና መዝጋት

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በሚጥልበት ቀን አካፋ ይዘው መንገዱን ይሂዱበት፤ ውሃው በየት እየሄደ እንደሆነ በዚያ ሰዓት ብቻ በትክክል ይታያል። የተደፈነ የቱቦ አፍ ይጸዳል፣ የተዘጋ መውጫ ይከፈታል፣ የጎማ ዱካም ገና ጥልቅ ሳይሆን ይስተካከላል። ግሬደር በሚገባበት ጊዜ ነጂው ዝቅታዎቹን እንደ ጉድለት ቆጥሮ እንዳይደለድላቸው አስቀድሞ ምልክት ይደረግባቸው። መንገዱ በራሰበት ወቅት መግቢያውን በበር ወይም በሰንሰለት መዝጋት ከማንኛውም ጥገና የሚረክስ ሲሆን ለባለቤቱ መኪናም ጭምር የሚሠራ ደንብ መሆን አለበት።

ሥራው ያለቀ የግንድ መጎተቻ መስመር እንዲሁ አይተውም። ጊዜያዊ ቱቦዎችና ድልድዮች ይነሳሉ፤ የጅረቱ ዳርቻም ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል። የተጠቀጠቀው አፈር በማረሻ ይሰነጠቃል፤ መቀልበሻ ጉብታዎቹ በተባለው ርቀት ይቆረጣሉ፤ ሣር ይዘራል፤ ቅርንጫፍም ይበተንበታል። መግቢያው በትልልቅ ድንጋይ ወይም በግንድ ካልታጠረ ግን ሣሩ ሳይበቅል ሞተር ብስክሌትና መኪና ይገባበታል፤ ስለዚህ ማሽኑ ከቦታው ሳይነሳ ድንጋዩን እንዲያስቀምጥ ይደረግ።